የካውቦይ ዘፈን አስተርጓሚ

የዓብዱልወሃብ ድምፅ ከመንገዱ ማዶ ሲሰማ እናቱ ከምንጣፉ ብድግ አሉ። «ዱፌ? መጣ እንዴ?» አሉ ኦሮምኛውን ከአማርኛው ቀላቅለው፣ ሻሻቸው ከትከሻቸው እየወደቀ። ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

ሴቶቹ እጃቸውን ይዘው ሊያስቀምጧቸው ሲሞክሩ ድምፁ ደግሞ መጣ፤ ልክ እንደ ዱሮው፣ ሳቅ ሳቅ እያለው። ከጀርባው የፈረስ ኮቴ፣ ፉጨትና ጊታር አለ። እህቱ ሀፊዛ ወዲያው ገባት። ጫማዋን እንኳ ሳታጠልቅ ወጣች።

ከለቅሶው ቤት ፊት ለፊት የፍስሐ ቪዲዮ ቤት አለ። ወንድሟ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያ ማይክ ይዞ የካውቦይ ፊልም ሲተረጉም ኖሯል። እንግሊዝኛውን የለመደው ኬንያ በስደት ሳለ ነው፤ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ ያወርደዋል። ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚወድለት የፊልሙ መግቢያ ላይ ያለውን ዘፈን ሲተረጉም ነበር። ዘፈኑ ጥሩ ከሆነ «ይሄ አይተረጎምም፣ ዝም ብላችሁ ስሙት» ብሎ ማይኩን ያወርዳል። መጥፎ ከሆነ ግን አይምረውም። በዚህ ሳምንት ከሜጋ ከተማ ሲመለስ የተሳፈረበት አይሱዙ ተገልብጦ ሞተ።

ፍስሐ፣ ያ ቀብር ላይ ከማንም በላይ ያለቀሰው ፍስሐ፣ ለካ ድምፁን ቀድቶ አስቀምጦት ኖሯል። ይኸው ዛሬ በነገሌ የገበያ ቀን ሞንታርቦ ድምፅ ማጉያውን በሩ ላይ ሰቅሎ ያስጮኸዋል።

«ሰውዬው ብቻውን ነው ይላል ዘፈኑ» ይላል ዓብዱልወሃብ። «ወዳጅ የለውም፣ ዘመድ የለውም፣ በረሃ ላይ እሱና ፈረሱ ብቻ። ታዲያ ይሄ ሁሉ ከበሮ መቺ ከየት መጣ?»

በሩ ላይ የቆሙት በሳቅ ፍርስ አሉ። ሀፊዛን ያሳበዳት ሳቁ ነው። ሰዉን በክርኗ እየገፋች ገባች።

«አጥፋው!»

ፍስሐ ከቴፑ ኋላ ደንግጦ ተነሳ። «ሀፊ፣ እህቴ፣ ነፍሱን ይማርና...»

«አጥፋው አልኩህ!» ከዚህ ቀን በፊት «ጋሼ» ሳትል ስሙን ጠርታው አታውቅም።

«ሰው ነው የጠየቀኝ። ‹ያንን የዓብዱልን አሰማን› እያሉ አላስቀምጥ አሉኝ። እኔም ለማስታወሻ ይሆናል ብዬ...»

«ለማስታወሻ? እናቴ ልጄ መጣ ብላ ከለቅሶ ምንጣፍ ተነሳች! አፈሩ ሳይደርቅ የሞተ ሰው ደጅህ ላይ አቁመህ ገበያተኛ ትጠራለህ? አንተ አፍ የለህም? ራስህ አትጮኽም?»

ፍስሐ አንገቱን ደፋ። የሚያወራው ዓብዱልወሃብ ብቻ ነበር፤ «አሁን ደግሞ ዘፋኙ ማን እንደሚሞት ሊነግረን ነው። ገና ፈረሱ እንኳ አልታየም፣ ወሬኛ!»

ሀፊዛ ቴፑን ራሷ ከፍታ ካሴቱን መነጨቀችው። ጥቁሩ ክር ተንጠልጥሎ ወጣ። ጎተተችው፤ በክንዷ ላይ እየጠቀለለች፣ እያለቃቀሰች፣ ደጋግማ ጎተተችው።

«ሌላ ቅጂ አለህ?»

«የለኝም» አለ ፍስሐ በስንት መከራ። «እሱ ብቻ ነው።»

«ደግ!» ብላው ወጣች።

እናቷ ደጃፍ ደርሰው ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል። መጀመሪያ ካሴቱን አዩ፣ ቀጥሎ ክሩን።

«ምን አደረግሽው?»

«አጠፋሁት፣ አዮ። ከእንግዲህ ማንም አይስቅበትም።»

«ማን ሳቀበት? እሱ ነው ያሳቃቸው!» አሉ እናትየው፣ በለቅሶ ሳይሆን በቁጣ። «ስድስት ዓመት እዚህ ተቀምጬ የሰማሁት የሰዉን ሳቅ ብቻ ነው። ሴት ቪዲዮ ቤት አትገባም፣ ነውር ነው ብለሽ የከለከልሽኝ አንቺ ነሽ። ልጄ ምን ብሎ እንደሚያስቃቸው ገና ዛሬ መስማት ስጀምር... ለምን አፉን ዘጋሽው?»

የሀፊዛ ንዴት ግን አልበረደም፤ መሄጃ አጥቶ ደረቷ ላይ ቆመ። ደጃፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ክሩን ከክንዷ ትፈታ ጀመር። አንዳንድ ቦታ ተጨማዷል፣ አንድ ቦታ ሊበጠስ ደርሷል። በትንሿ ጣቷ ክሩን መልሶ የሚጠቀልለውን የካሴቱን ጎማ ልታዞር ሞከረች፤ ጣቷ ቀዳዳው ውስጥ አልገባ አላት።

ፍስሐ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ከኮቱ ኪስ እስክርቢቶ አውጥቶ ዘረጋላት። ቀና ብላ ሳታየው ተቀበለችው።

እሱም እንዳይቋጠር ክሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ቀዩ አፈር እንዳይነካው ከፍ አድርጎት ፀሐይ ላይ ቆመ። ሀፊዛ ጥርሷን ነክሳ እስክርቢቶውን ቀዳዳው ውስጥ ሰክታ ቀስ እያደረገች ታዞራለች።