ከሶሬቲ እግር ኋላ

ሶሬቲ ከፊት፣ መቅደላዊት ከኋላ ሆነው በእንጦጦ ባሕር ዛፎች መሃል ዳገቱን እየሮጡ ነበር። የኋለኛዋ የፊተኛዋን እግር እያየች ትረግጣለች። ድንጋይ ወይም የዛፍ ሥር ሲያጋጥም ሶሬቲ እጇን ወደ ኋላ ልካ በጣቷ ታሳያታለች። መቅደላዊት በማግስቱ ለውድድር ወደ ውጭ ልትበር ነው። ጋዜጠኛ ቢጠይቃት የዕለት ኑሮዋን በእንግሊዝኛ እንድትናገር፣ ለውድድሩ ሳትመረጥ የቀረችው ሶሬቲ ናት እየሮጠች የምታስጠናት።

«ኤቭሪ ዴይ?» አለች ሶሬቲ ሳትዞር። ትንፋሿ እንኳ አልተቆራረጠም።

«ኤቭሪ ዴይ... አይ ፎሎው ሶሬቲ።»

«ኧረ ባክሽ! የሚጠይቁሽ እኮ ስላንቺ ነው። የስተርዴይስ?»

«የስተርዴይ አይ ፎሎውድ ሶሬቲ።»

«አንቺ ልጅ፣ ልታስቂኝ ነው? ተነሳሁ፣ ጸለይኩ፣ ሮጥኩ በያ!»

«ታዲያ ምን ልበል? ሁልጊዜ የማደርገው አንቺን መከተል ነው።»

ሶሬቲ ፍጥነቷን አልቀነሰችም። «እሺ፣ ቱሞሮውስ?» አለቻት።

«ቱሞሮው አይ ዊል ፎሎው...» አለች መቅደላዊት። ነገ የማንን እግር እንደምትከተል አታውቅም ነበር።

የሶሬቲ እጅ ተነሳ። ወደ ኋላ ግን አልተላከም፤ ወደ ዓይኗ ሄደ። መንገዱ ላይ የተጋደመውን ድንጋይ በዚያች ቅጽበት ያየችው መቅደላዊት ብቻ ነበረች።

«ድንጋይ!» ብላ ከኋላ ጮኸችላት።