የእናቴ ኩስኩስት

ዋንጫውን ከምሰሶው ጋር በጠፍር እያሰርኩ ነው። ከጓዳው በስተቀር ቤቴን በሙሉ ለበዓል እንግዳ አከራያለሁ፤ የጥር ጊዮርጊስን ዲማ ሊያነግሥ የመጣ ሰው ሁለት ሌሊት ያድርና፣ ሲሄድ አንድ ነገር ሳያነሣብኝ አይሄድም። አንዱ ዓመት ጭልፋዬን፣ አንዱ ዓመት ሰሌኔን። አንዷን አራስ ከነልጇ አሳድሬ፣ ጠዋት የተኛችበትን ቁርበት አጣሁት። ሁሉም ጸሎተኛ ናቸው። ይኸ ነገር ስንት ዓመት ሆዴ ውስጥ ተቀምጧል።

«እትዬ የብርጓል፣ እንደ ጥጃ ምሰሶው ሥር እየሄድን ልንጠጣ ነው?» ይላል አስማማው፣ የደጀኑ እህል ነጋዴ። «እኛንስ መቼ ታስሪናለሽ?»

«እጅህ ካልረዘመ ምን አስጨነቀህ?»

እንግዳው ሁሉ ይስቃል። የነፍስ አባቴ መምሬ ገብረ ኪዳንም መደቡ ላይ እንደተቀመጡ ፈገግ ይላሉ። ዋዜማውን ሁልጊዜ እኔ ቤት ነው የሚቀምሱት።

በሩ ላይ ጥላ ያርፋል። ቀና ስል ወለተ ኪዳን ናት፣ የጉንደ ወይኗ። አምስት ዓመት ሙሉ ዲማን አልረገጠችም። ጠፍሩ ከእጄ ይወድቃል።

የእርሻ ግብሩ ረብሻ ባለፈ በዓመቱ፣ ከትንሽ ልጇ ጋር እዚሁ አድራ ነበር። በሄደች በማግስቱ የእናቴን የናስ ኩስኩስት ፈልጌ አጣሁት። እጀታው ተሰብሮ በሽቦ የተጠመጠመ፣ አገሩ ሁሉ እጁን የታጠበበት ኩስኩስት ነው። አላስቻለኝም። መምሬን ለምኜ አስገዘትኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው፣ «የወሰደ፣ ሲወሰድ ያየ፣ ያለበትንም እያወቀ የደበቀ፣ ግዝት ይሁንበት» አሉ። ስም አልጠሩም። ስሟን በየቤቱ ያዞርኩት እኔ ነኝ።

«ላድር አይደለም የመጣሁት፣ እትዬ» ትላለች ወለተ ኪዳን። ከነጠላዋ ውስጥ አዲስ የናስ ኩስኩስት ታወጣለች። «ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄጄ ነው ያገኘሁት። የርስዎን ያህል ነው። በዚያ ፈንታ ይቀበሉኝ።»



«ወስደሽ ነበር ማለት ነው፣ ልጄ?» ይላሉ መምሬ።

«ጊዮርጊስ ያውቃል፣ አልወሰድኩም።»

«ታዲያ ያልወሰድሽውን ምን ብለሽ ትተኪያለሽ?»

«ልጄን የዚሁ የዲማ ሰው አጭቷት ነበር። ግዝት ካለበት ቤት ሚስት አናወጣም ብለው ሽማግሌያቸውን መለሱ። ያን ጊዜ አብራኝ አድራለች፤ ሲወሰድ ያየች ናት አሉ። የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች እኮ፣ አባቴ! ወሰድኩ በይ ካላችሁኝ እላለሁ። ብቻ ይፍቱን።»

አስማማው አንገቱን ይደፋል። እኔ ግን የማደርገው ጠፍቶኝ መሬት የወደቀውን ጠፍር አነሣለሁ።

ያቻምና የጓዳዬ ጎታ ሥሩ ተሰንጥቆ ጤፉን ስገለብጥ፣ ኩስኩስቱን ከታች ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ራሴ ነኝ ያስቀመጥኩት። ለዚያ በዓል፣ እንግዳ እንዳይወስድብኝ ብዬ ባዶው ጎታ ውስጥ ሸሸግሁት፤ ወንድሜ ሙላት ከአውድማ የመጣውን ጤፍ ከላይ ገለበጠበት። በዚያ ሰሞን ስንቱን ዕቃ በየስርቻው እንደሸሸግሁ! የትኛውን የት እንዳደረግሁ ጠፋኝ።

ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። አፌ እንቢ አለ። ጎታውን መረግሁና ኩስኩስቱን እዚያው መልሼ ጤፉን ጫንኩበት። ይኸው ሁለት ዓመት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከዋርካው ሥር ቆሜ አስቀድሳለሁ። መምሬ ሲጠይቁኝ ወገቤን ነው እላቸዋለሁ። ያለበትን እያወቀ የደበቀ ያሉት ማንን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

«የብርጓል» ይላሉ መምሬ፣ «ምትኩን ትቀበያለሽ?»

ወለተ ኪዳን በሁለት እጇ ትዘረጋልኛለች። ብቀበላት ነገሩ አለቀ፤ ልጅቷም ትዳራለች፣ እኔንም ማንም ምንም አይለኝም። እጄ ይሄዳል። አዲሱ ናስ ቀዝቃዛ ነው።

«ቁጭ በይ» እላታለሁ፣ እጄን እየሰበሰብኩ። «እጅሽን ሳትታጠቢ እኔ ቤት ነገር የለም።»

ጓዳ እገባለሁ። ክንዴን እስከ ብብቴ ጎታው ውስጥ እከታለሁ። ጤፉ ይዞ አልለቅ ይለኛል። ሽቦውን እነካዋለሁ። ጎትቼ አወጣዋለሁ፤ ሳላጥበው፣ ሳልጠርገው ከእንስራው ውሃ እሞላበታለሁ። ይዤው ስወጣ አስማማው «ይኸ ኩስኩስት…» ይላል፤ አይጨርሰውም።

«አዎ፣ እሱው ነው» እላለሁ። «እዚሁ ጎታዬ ውስጥ፣ ከጤፉ ሥር እንዳለ ሁለት ዓመት ሙሉ አውቃለሁ። መፈታት ያለብኝ እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

መምሬ መቋሚያቸውን ይዘው ይነሣሉ።

ገበቴውን ከወለተ ኪዳን እግር ሥር አስቀምጬ እንበረከካለሁ። እጇን ትዘረጋለች። ፊቷን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም፤ እጇን ብቻ እያየሁ አፈስሳለሁ። ውሃው ቀይ ጤፍ ይዞ ይወርዳል፤ ገበቴው ይሞላል፣ የኩስኩስቱ ውሃ ያልቃል።

እጇን አታራግፍም። መዳፏ ላይ የቀረውን ጤፍ እንዳለ ይዛ፣ መምሬ እንዲያዩት ወደ በሩ ብርሃን ትዘረጋዋለች።