እግር አልታዘዝ ሲል

ለመሆኑ የእንደሻው የወደፊት አማቾች መጥተው «ልጃችንን ለአዝማሪ አንድርም» ቢሉ ምን ብለው ይመልሱላቸዋል? ወይዘሮ በለጡ ይህ ቢያስጨንቃቸው የልጅ ልጃቸውን የእንደሻውን ክራር፣ መሰንቆና ዋሽንት ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ላዩ ላይ ተቀመጡ። እንደሻው ሦስቱንም እንደ ሰው ያናግራቸዋል፤ ያን ዕለት ማታ ደግሞ ከከተማው በር፣ ከሸዋ በር አጠገብ፣ በአንድ ግሪክ ነጋዴ አዳራሽ ሕዝብ ፊት ሊጫወት ነበር።

«እምዬ፣ እንግዳው እኮ ከጅቡቲ ድረስ የመጣው ከኔ ጋር ሊጫወት ነው!»

«በመጣበት ይመለሳ! ሙሽራዋን ቢከለክሉህ እኔን ልታገባ ነው?»

እንግዳው፣ አንድ አርመን ሙዚቀኛ፣ በሩ ላይ ቆሞ ሳቀ። «እሜቴ፣ እጁንም ይቆልፉበት እንጂ!» አለና እንደ ቆልማማ ቀንድ የታጠፈ ሳክስፎኑን ለስለስ አድርጎ ነፋ። እንደሻው ተንበርክኮ የሳጥኑን ጎን በመዳፉ ይመታ ጀመር። ምቱ በእንጨቱ አልፎ እስከ ወይዘሮ በለጡ ወገብ ዘለቀ።

«ተው አልኩህ! አሁንስ አንገፈገፍከኝ!» አሉ። እሱ ግን ፈጠነ፤ ሳክስፎኑም ተከተለው፤ ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ። ወይዘሮ በለጡ ጎንበስ ብለው ቢያዩ የገዛ እግራቸው መሬቱን ይመታል። ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ እግሩ ግን ምቱን አልለቀቀም።

እንደሻው አይቶ ፈገግ አለ። ያኔ አያቱ ብድግ ብለው ቁልፉን ሳጥኑ ላይ ጣሉና «አማቾችህ ከመጡ አንተው መልስላቸው!» ብለው፣ እግራቸው ምቱን ሳይለቅ፣ ከቤት ወጡ።