ቀበና ላይ የተተከለው ድንኳን

ሙሉጌጥ ካስማውን በድንጋይ እየመታች ነበር፤ ጆሮዋ ግን ቤት ውስጥ ነው። አባቷ አቶ አምባዬ ባሳሉ ቁጥር እጇ ይቆማል። ሳሉ ጸጥ ሲል ደግሞ ይባስ ትደነግጥና እስኪመለስ ድረስ ድንጋዩን አስቀምጣ ታዳምጣለች።

ነገ ማታ ድንኳኑን ይዘው ከጓደኛዋ ከኢፍቱ ጋር ወደ ጣሊያን ይበራሉ። ሮም ላይ መኪና ተከራይተው ኮረብታ ላይ የተሠሩትን ጥንታዊ ከተሞች፣ ኦርቪየቶን፣ አሲሲን፣ ሲዬናን፣ እየዞሩ ሊያዩ፣ ሲመሽ ደግሞ ከኮረብታው ግርጌ ድንኳን ተክለው ሊያድሩ ነው። ኢፍቱ መንገዱን በቃሏ ይዛዋለች። የሙሉጌጥ ድርሻ ድንኳን መትከል መልመድ ነበር፤ እሷ ግን ሻንጣዋን ስትሞላና መልሳ ስታራግፍ ከርማ፣ ግቢያቸው ውስጥ ተክላ መሞከር የጀመረችው ገና ዛሬ ነው።

ለአባቷ አልነገረቻቸውም። ልባቸው ደክሟል። ሐኪሙ ባለፈው ምንም ሳይል ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ሸኝቷታል፤ ሐኪም እንዲህ ደግ ሲሆን ደስ አይልም። አክስቷ ልትጠብቃቸው ተስማምታለች፤ ቢሆንም ሙሉጌጥ ብቸኛ ልጅ ናት። አንድ ነገር ቢሆኑና ለቀብራቸው ሳትደርስ ብትቀር፣ የሰፈሩ አፍ ይቅርና፣ ራሷ ለራሷ ምን ብላ ትመልሳለች?

ድንኳኑ ቆመ። ነጭና ሰፊ ነው፤ ጫፉ ከቆርቆሮው አጥር በላይ ወጥቶ ይታያል። ሙሉጌጥ ይህን ልብ አላለችም። ከእንጦጦ በኩል የሚወርደውን ደመና እያየች ስለ ዝናብ ታስብ ነበር።

መጀመሪያ የገቡት የአጥር ጎረቤታቸው እትዬ ሒሩት ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ይደቃሉ።

«ጋሼ አምባዬ! እንግዲህ የተጣላውን ማን ያስታርቃል?»

ከኋላቸው ሴቶቹ እያለቀሱ፣ ከሴቶቹ ኋላ የእድሩ ሰዎች አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ገቡ። የታመመ ሰው ባለበት ግቢ ድንኳን ከታየ ማንም ቆሞ አይጠይቅም፤ ይሮጣል። ሙሉጌጥ «አልሞቱም!» አለች፤ በለቅሶው መሃል ግን የሰማት የለም።

የቤቱ በር ተከፈተ። አቶ አምባዬ በፒጃማቸው መቃኑን ተደግፈው ቆመዋል።

«ሒሩት፣ ማን ሞቶ ነው?»

እትዬ ሒሩት ባሉበት ዘፍ አሉ። አንዷ ሴት ሳቋ አመለጣት፤ ከዚያ ማን ይቻለው፣ አግዳሚ የተሸከሙትም አስቀምጠው ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ዓይን ሁሉ ወደ ሙሉጌጥ ዞረ። እሷም እየተንተባተበች ጣሊያኑን፣ ከተሞቹን፣ የነገውን በረራ ሁሉ ተናገረች።

«ኮረብታ ለማየት?» አሉ አባቷ ወደ እንጦጦ ቀና ብለው።

«ትቼዋለሁ አባዬ። አሁን ለኢፍቱ እደውልላታለሁ።» ስልኳን ከኪሷ አወጣች።

አባቷ ቀስ እያሉ መጥተው፣ ጎንበስ ብለው ድንኳኑ ውስጥ ገቡና ተቀመጡ። ሰዉም ተከትሏቸው ገብቶ መሬት ላይ ተጠጋጋ። አቶ አምባዬ እትዬ ሒሩትን ያቋረጡትን ለቅሶ እንዲጨርሱ ጠየቋቸው። እትዬ ሒሩትም በሐፍረት አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ጨረሱት፦ ኮብልሎ የነበረውን ባላቸውን አቶ አምባዬ እጁን ይዘው ቤቱ እንዴት እንደመለሱት፣ በክረምቱ ጎርፍ ማንን ቤታቸው እንዳሳደሩ። አቶ አምባዬ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ሰማሽ አይደል? ለቅሶዬ ላይ ነበርሽ። ከእንግዲህ አልደረሰችም የሚልሽ ቢኖር ይሄ ሁሉ ሰው ምስክርሽ ነው። ሂጂ።»

እትዬ ሒሩት ራሳቸው ሳቁ፤ ድንኳኑን የሞላው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አባቷም ሳልና ሳቅ ተደባልቆባቸው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሙሉጌጥ ብቻ መግቢያው ላይ ቁጭ ብላ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች።