በአንድ እጅ የታሰረው መንጠቆ

ለሜሳ የፋብሪካ ማሽን ግራ እጁን ከቆረጠው ወዲህ መንጠቆ አስሮ አያውቅም። አቃቂ ባለው ቤቱ ደጃፍ ላይ አብሮት የተቀመጠው የጭነት መኪና ሾፌሩ ጁማ፣ ጓደኛው ለክረምት ያቀደው የባሌ ትራውት ዓሣ ማጥመድ እንዲቀር ፈልጎ ነበር።

"እኔ እኮ አድርሼህ ሂያጅ ነኝ። ወንዝ ዳር ማን ያስርልሃል?"

"ራሴ!"

ለሜሳ ከአደጋው በፊት በአውራ ዶሮ ላባ ዝንብ ያስመሰለውን መንጠቆ ሱሪው ጉልበት ላይ ሰካ። የማጥመጃውን ክር በመንጠቆው ቀዳዳ አሾልኮ፣ ጫፉን በጥርሱ ነክሶ በጣቶቹ ጠመጠመው። አመለጠው። በምራቁ አርሶ እንደገና ጀመረ። ላብ በግንባሩ ወረደ፤ በመጨረሻ ቋጠሮው ጠበቀ።

"ጎትት!" አለ።

ጁማ ክሩን በሁለት እጁ ጎተተ። ሱሪው ተተረተረ፤ ቋጠሮው ግን ንቅንቅ አላለም። ለሜሳ የቀረችውን እጁን ወደ ሰማይ ሰቅሎ እየጮኸ ሳቀ።

"ተነስ እንጂ!" አለ ጁማ፣ እሱም እየሳቀ። "ሱሪህን ቀይርና ቀበሌ ሄደን ባሌ የምትሄድበትን የይለፍ ወረቀት እናስወጣ።"