ሰባት ቁጥር ኮምፒውተር

የክፍላችን ኃላፊ አቶ ሲሳይ በሩን ዘግተው ቁልፉን ኪሳቸው ይከታሉ። «ብርቱካን፣ ጮክ ብለሽ አንብቢው። እኔ የሁላችሁንም ፊት አያለሁ።»

ወይ ጉድ! ከዚህ ሁሉ ሰው መርጠው እኔን! የፈሩት ይደርሳል ማለት ይሄ ነው።

ስክሪኑ ላይ የተከፈተው የግቢያችን የውይይት ገጽ ነው። ሰው በብዕር ስም የልቡን ይጽፍበታል፤ ከግቢው ኔትወርክ ውጭ ግን አይከፈትም። ስለዚህ ጸሐፊው ከእኛው መሀል ነው። የገጹ መዝገብ ደግሞ ከሰባት ቁጥር ኮምፒውተር ተጻፈ ይላል። ሰባት ቁጥር የደጀን ናት።

ደጀን ከሐዋሳ መጥቶ እዚህ በውል የሚሠራ ባልደረባዬ ነው፤ ውሉ በዚህ ሳምንት ያልቃል። እሱ እንዳልጻፈው አውቃለሁ። እሱ ለምሳ ሲወጣ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ የጻፍኩት እኔው ጉደኛዋ ነኝ።

ፍርሃቴን የጉና ተራራ ብርድ ያስመስልልኝ ብዬ መዳፌን አሻሻለሁ። ባልደረባችን የሺ ከጥግ ትክ ብላ ታየኛለች። ምን አየችብኝ? አውቃ ይሆን እንዴ?

«ለአቶ ሲሳይ» ብዬ ማንበብ እጀምራለሁ። ወዲያው ዓይኔ አንድ ቃል ላይ ይቆማል። «አንቱ» ብዬ ጽፌያለሁ! እንደ እኔ እብናት ያደገ ሰው ትልቅ ሰውን ሲሰድብ እንኳ አንቱ ብሎ ነው። እዚህ ቢሮ ሁሉም እርስዎ ነው የሚሏቸው፤ አንቱ የምላቸው እኔ ብቻ ነኝ።

«... እርስዎ የእህትዎን ልጅ ያለ ፈተና ቀጠሩ» ብዬ አንቱን ለውጬ አልፈዋለሁ።

አቶ ሲሳይ ወደ ደጀን ይዞራሉ። «ውልህ አይታደስም። ዕቃህን ሰብስብ።»

ደጀን አይጮህም። ከኋላዬ ቆሞ ስክሪኑን ያያል፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። አሁን አጋለጠኝ እላለሁ።

«እንደ ተጻፈው አንብቢላቸው» ይለኛል ቀስ ብሎ።

«ምን ማለቱ ነው?» ይላሉ አቶ ሲሳይ እኔን እያዩ።

ገጹን መዝጋት እችላለሁ። ደጀን ግን መሳቢያውን ከፍቶ የሴት ልጁን ፎቶግራፍ ያወጣል። በራሴም በእሳቸውም እናደዳለሁ።

«አንቱ ነው የሚለው፣ ጋሼ» እላለሁ። «የእህትዎን ልጅ ያለ ፈተና የቀጠሩት አንቱ ነዎት። የጻፍኩትም እኔ ነኝ።»

ይህን ስል ለካ ከወንበሬ ብድግ ብያለሁ። ትልቅ ሰው ፊት ቁጭ ብለው አይናገሩም።