አብሾውን የነገረ

ዘርአ ዳዊት አብሾ መጠጣቱን ከቤተሰቡ የምታውቀው እህቱ ፋና ብቻ ነበረች።

ከአንኮበር በታች ባለ ደብር ድጓ ሲማር ቃሉ አልያዝለት አለ። አብሾ አእምሮ ይከፍታል ሲሉ ሰምቶ፣ ከአጥር ሥር የበቀለ የአስተናግር ፍሬ ፈጭቶ፣ ለብቻው በጥብጦ ጠጣ። አእምሮው ግን አልተከፈተም። ታሞ ወደ ቤት ከተመለሰ በኋላ ከሞተች የቆየች እናቱን በር ላይ ቆማ አያት፤ ከግድግዳው ላይ የሌለ ንብ ሲለቅም ሰነበተ። ፋና ጓዳ አስተኝታ፣ ብርሃን እንዳያየው በሩን ጋርዳ፣ ወተት እየጋተች አዳነችው። ለአባታቸው ለቄስ ኃይለ ገብርኤል ቆላ ወርዶ የያዘው ወባ ነው አለቻቸው። አብሾ አለበት የተባለ ሰው መጠጥ የሚያቀርብለት፣ ልጁን የሚድርለት የለማ።

ምስጢሩን ያወጣችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ኪዳነወልድ የወንድሟ ጓደኛ ነበር፤ ሽማግሌ ልኮ እሺ የተባለ እጮኛዋም ነበር። ከጎረቤላ ገበያ አብረው ሲመለሱ ነገረችው። ከእኔ አያልፍም አላት።

ዘርአ ዳዊት ድጓውን ትቶ ከመጣ ወዲህ በሰው ፊት ቀና የሚልበት ነገር ይፈልግ ነበር። አንድ ሰርግ ላይ ተነሥቶ ፎከረና ለመከላከያ እመዘገባለሁ አለ። ኪዳነወልድም ብቻህንማ አትሄድም ብሎ ተከተለው። አገሬው በግ አርዶ መረቃቸው። ቄስ ኃይለ ገብርኤል መስቀል አሳልመው ሲሸኟቸው፣ በልጃቸው ኮርተው በአደባባይ አለቀሱ።

በማግስቱ ዘርአ ዳዊት ለምዝገባ ከሄዱበት ከደብረ ብርሃን ብቻውን ተመለሰ። ፋና ጎመን እየቀነጠሰች ነበር።

«አእምሮው በዕፅ የተነካ ሰው መሣሪያ አይዝም አሉኝ» አላት። «አብሾውን ሰምተዋል።»

«ከማን?»

አቀረቀረ። «ኪዳነወልድ እዚያው ነበር» አለ።

ፋና ጎመኑን ገፋ አድርጋ ተነሣች። ምስጢሩን ለኪዳነወልድ የሰጠችው ራሷ ነበረች። ወሬው በሳምንቱ አገር አዳረሰ። ቄስ ኃይለ ገብርኤል ከቅዳሴ ሲወጡ የሰው ዓይን እየሸሹ በጓሮ በር መመለስ ጀመሩ። ለዘርአ ዳዊት ግን ሰው ሁሉ አዘነለት። ጓደኛው ሸጠው ተባለ። እሱም ኪዳነወልድን በክፉ አላነሣውም፤ የሆነው ሆኗል፣ ተዉት ይላል።

ኪዳነወልድ ተቀባይነት አግኝቶ ወደ ማሠልጠኛ ከመሄዱ በፊት ሊሰናበታት መጣ። ግባ አላለችውም። አጥሩ ሥር ቆመው ተነጋገሩ።

«እኔ አልተናገርኩም፣ ፋናዬ።»

«ታዲያ ማነው?»

 አንገቱን ደፍቶ በጫማው ጫፍ መሬቱን ይጭር ጀመር። ለፋና ዝምታው ከማመን አላነሰባትም።

«ቃሉን ያልጠበቀ ሰው ሚስቱን አይጠብቅም» አለችው። «ሽማግሌዎቹ ነገሩን ያፍርሱት።»

እሺ ብሎ ሄደ። መንገዱ ላይ ሆኖ ዞር ሲል አየችው፤ እሷ ግን ፊቷን አዞረች።

ከማሠልጠኛ ደጋግሞ ደወለላት። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም እስኪል ታየው ነበር። አንድ ቀን ብቻ አነሣችው፤ እንዴት ነሽ ሲላት ዘጋችው። ከዚያ በኋላ መደወሉን ተወ። እሷ ግን ስልኩን ከአጠገቧ ማራቅ አልሆነላትም።

ክረምቱ እንደወጣ የኪዳነወልድ መርዶ መጣ።

የኪዳነወልድ ወላጆች ደጅ ድንኳን ተተከለ። ፋና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከዳር ተቀመጠች። እጮኛዬ ብላ እንዳታለቅስ ነገሩን ራሷ አፍርሳዋለች፤ ባዳ ነኝ ብላ እንዳትነሣ አንጀቷ እምቢ አላት። ዘርአ ዳዊት ከሁሉ ብሶ አለቀሰ። ወንድሜን፣ ወንድሜን እያለ ደረቱን ሲደቃ ሁለት ሰው ይዞት አልቻለውም። ያን ሁሉ በድሎት እንኳ ይቅር ብሎታል እያለ ለቀስተኛው ተደነቀበት። ፋናም እንደ ወንድሟ ይቅር ማለት ባለመቻሏ አፈረች።

ያን ቀን ከለቀስተኛው መሀል ሃምሳ አለቃ ጌታሁን የሚባል የመዘዞ ሰው ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ሁለቱን ጓደኛሞች ለምዝገባ የተቀበላቸው እሱ ነው ሲባል ፋና ሰማች። ለመሄድ ሲነሣ ተከትላው ከድንኳኑ ወጣች። የሞተ ሰው ላይ ቂም ይዞ መኖር ከብዷት ነበር፤ ልቧን የሚያሳርፍ አንድ ቃል ብታገኝ ብላ ነው።

ማን እንደሆነች ነገረችው። ከዚያም፣ «ኪዳነወልድ ወንድሜ አብሾ መጠጣቱን ሲነግራችሁ ምን ብሎ ነበር?» ስትል ጠየቀችው። «ክፉ አስቦ ነው ወይስ እንዲያው አምልጦት? አምልጦት ከሆነ ይቅር እንድለው ነው።»

ሃምሳ አለቃው ግራ ገብቶት አያት። ከድንኳኑ ውስጥ የዘርአ ዳዊት ለቅሶ ይሰማል።

«እህቴ፣ የነገረንማ ወንድምሽ ራሱ ነው፤ ፈርቻለሁ፣ አብሾውን ሰበብ አድርጋችሁ መልሱኝ ብሎ፤ ኪዳነወልድ አጠገቡ ቆሞ ‹አባቱ ካህን ናቸው፣ ለአገሩ ሰው እንዳትነግሩበት› እያለ ይለምነን ነበር።»